የቀይ ሥጋና የተቀነባበረ ሥጋ የጤና ጉዳት

ቀይ ሥጋ የሚባለው እንደ በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመልና አሳማ ካሉ አጥቢ እንስሳት የሚገኝ ሥጋ ነው። የተቀነባበረ ሥጋ ደግሞ ሳይበላሽ እንዲቆይ ወይም ጣዕሙ እንዲለወጥ በጨው፣ በጭስ፣ በማድረቅ፣ በማብላላት ወይም ኬሚካል በመጨመር የተዘጋጀ ሥጋ ነው። ሁለቱም ለሰውነት የሚጠቅሙ ንጥረ ነገሮችን ቢይዙም በጤና ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት ነው። ብዙ ሥጋን ለብዙ ዓመታት መመገብ ከትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ከልብና የደም ሥር በሽታ እንዲሁም ከዓይነት 2 የስኳር በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሁለተኛው ከጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ ሥጋ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ ይህ ከአንድ ማዕድ ብቻ ሊመጣ ይችላል። የአንደኛው መከላከያ መጠንን መቀነስ ነው፤ የሁለተኛው ግን ምርመራና ማብሰል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ትርጉምና ዓይነቶች

የዶሮና የዓሣ ሥጋ ከቀይ ሥጋ አይቆጠሩም። ከተቀነባበረ ሥጋ የሚመደቡት ቋሊማ፣ ሆት ዶግ፣ ሞርታዴላ፣ ሳላሚ፣ ቤከን፣ ሃም እና የቆርቆሮ ሥጋ ናቸው። ሥጋን መፍጨት ወይም መክተፍ ብቻውን ማቀነባበር አይባልም። ለምሳሌ ምንም ሳይጨመርበት ከትኩስ የበሬ ሥጋ የተሠራ በርገር ቀይ ሥጋ ሲሆን፣ ሞርታዴላ ግን የተቀነባበረ ሥጋ ነው። ከዶሮ ወይም ከቱርክ ሥጋ የተሠራ ቋሊማም እንዲሁ የተቀነባበረ ሥጋ ነው።

ቋንጣ በጨው ታሽቶ የሚደርቅ በመሆኑ ከትርጉሙ አንጻር የተቀነባበረ ሥጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የደቡብ አፍሪካውን ቢልቶንግና ሌሎች የደረቁ ሥጋዎችን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ በብዛት የተካሄዱት ቋሊማና ሃም አዘውትረው በሚመገቡ ሕዝቦች ላይ ነው። በቤት የሚሠራ ቋንጣ አብዛኛውን ጊዜ ከጨውና ከቅመም በቀር የፋብሪካ ኬሚካል አይገባበትም፤ የሚበላውም በመጠኑ ነው። ስለዚህ በጥናቶቹ የተገኙትን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ቋንጣ ማዛወር ትክክል አይሆንም።

የሥጋ ጥቅም

ሥጋ የተሟላ ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረትና ቫይታሚን ቢ12 ይሰጣል። በሥጋ ውስጥ ያለው ሄም የተባለ የብረት ዓይነት በእህልና በቅጠላ ቅጠል ካለው ብረት ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ሥጋ እምብዛም በማይቀርብበት ቤት ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ጥቂት ሥጋ መጨመር ጠቃሚ ነው። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ሥር የሰደዱ በሽታዎች በዋናነት የሚመለከቱት ሥጋን አብዝቶና አዘውትሮ የሚመገበውን ነው።

ሥጋና ካንሰር

ዋና መሥሪያ ቤቱ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ከ10 አገሮች የመጡ 22 ሳይንቲስቶችን ሰብስቦ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ከ800 በላይ ጥናቶችን መርምረው ሁለት ውሳኔ ሰጡ።

የተቀነባበረ ሥጋ በምድብ 1 ተመደበ። ይህ ማለት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ ማለት ነው።

ቀይ ሥጋ በምድብ 2ኤ ተመደበ። ይህ ደግሞ ካንሰር ሊያመጣ መቻሉ በጣም ይገመታል፤ በሰዎች ላይ ያለው ማስረጃ ግን ውስን ነው ማለት ነው።

ከሁሉም ጠንክሮ የተገኘው ዝምድና ከትልቁ አንጀትና ከፊንጢጣ ካንሰር ጋር ያለው ነው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ፣ ማለትም አንድ የሆት ዶግ ቋሊማ ያህል፣ መመገብ የዚህን ካንሰር ዕድል በ18 በመቶ እንደሚጨምር ተገምቷል። የቀይ ሥጋው ዝምድና እውነተኛ መንስኤነት ከሆነ በየቀኑ 100 ግራም መመገብ ዕድሉን በ17 በመቶ ይጨምራል።

ምድቡ ምን ማለት ነው?

ትንባሆና አስቤስቶስም በምድብ 1 ውስጥ ስለሚገኙ ብዙ ሰዎች «ቋሊማ መብላት ሲጋራ ከማጨስ እኩል ነው» ብለው ተረድተውት ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የጉዳቱን መጠን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በጠቀሰው ግምት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከትንባሆ ጋር የተያያዘ የካንሰር ሞት 1 ሚሊዮን ያህል፣ ከአልኮል ጋር የተያያዘ 600,000፣ ከአየር ብክለት ጋር የተያያዘ ከ200,000 በላይ ሲሆን፣ የተቀነባበረ ሥጋ ከማብዛት ጋር የተያያዘው 34,000 ያህል ነው።

የመቶኛውም ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለምሳሌ ከ100 ሰዎች 5ቱ በሕይወት ዘመናቸው በአንጀት ካንሰር ይያዛሉ እንበል። ዕድሉ በ18 በመቶ ጨመረ ማለት 5 ላይ 18 ተደምሮ 23 ሆነ ማለት አይደለም። የ5 18 በመቶ 0.9 ስለሆነ ቁጥሩ ከ5 ወደ 6 ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ሲታይ ጭማሪው ትንሽ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሲመገበው ግን ብዙ ሺህ ሕሙማን ማለት ይሆናል።

ጉዳቱ የሚፈጠርባቸው መንገዶች

አንደኛው መንገድ ናይትራይት ነው። ይህ ጨው መሰል ኬሚካል ቋሊማና ሃም ሮዝ ቀለማቸውን እንዲይዙና እንዳይበላሹ ይጨመራል። በሆድ ውስጥ ወይም በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ ከፕሮቲን ክፍልፋዮች ጋር ተዋሕዶ የሕዋሳትን ዘረመል የሚጎዱ ናይትሮሶ ውሕዶችን ይፈጥራል።

ሁለተኛው ሄም ነው። ለደም ማነስ የሚጠቅመው ይኸው ብረት ሲበዛ የአንጀትን ግድግዳ ሊያስቆጣና እነዚሁ ናይትሮሶ ውሕዶች በአንጀት ውስጥ እንዲበዙ ሊያደርግ ይችላል። ዶሮና ዓሣ ከቀይ ሥጋ ያነሰ ሄም ስላላቸው አንዱ የልዩነቱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል።

ሦስተኛው የአበሳሰል ዘዴ ነው። ሥጋ በጣም በጋለ ብረት ወይም በእሳት ላይ ሲጠቁር ሄትሮሳይክሊክ አሚን የሚባሉ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስም ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ ጎጂ ውሕዶችን ይዞ ሥጋው ላይ ያርፋል። በወጥና በቅቅል ግን ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም ስለማያልፍ እነዚህ ውሕዶች የሚፈጠሩት በጣም በትንሹ ነው።

ናይትራይት ለምን አይከለከልም?

ናይትራይት ጎጂ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት በታሸገ ሥጋ ውስጥ እንዳይራባ የሚያግደው እርሱ ነው። ስለዚህ አገሮች የመረጡት መንገድ መጠኑን መወሰን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ የሚፈቀደው መጠን እንዲቀንስ አድርጓል።

በታሸጉ ምርቶች ላይ ናይትራይትና ናይትሬት ብዙ ጊዜ ከኢ 249 እስከ ኢ 252 ባሉት ቁጥሮች ይጻፋሉ። «ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ምርቶች በኬሚካሉ ፈንታ ከአትክልት የተገኘ ዱቄት ይጨመርባቸዋል። ዱቄቱ ራሱ ናይትሬት ወይም ናይትራይት ስለሚይዝ በሥጋው ውስጥ የሚገኘው ውሕድ ያው ነው።

የልብ በሽታ፣ ስኳርና ሪህ

ስብ የበዛበት ቀይ ሥጋ ብዙ ሳቹሬትድ ስብ አለው። ይህ ስብ በደም ውስጥ ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ ኮሌስትሮሉም በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተከማችቶ ልብንና አንጎልን ደም ሊያሳጣ ይችላል። በተቀነባበረ ሥጋ ላይ ደግሞ ጨው ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራልና።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በ20 አገሮች የሚገኙ 1.97 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መመገብ በ15 በመቶ፣ 100 ግራም ያልተቀነባበረ ቀይ ሥጋ መመገብ ደግሞ በ10 በመቶ ከፍ ካለ የዓይነት 2 ስኳር በሽታ ዕድል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ሪህ ያለበት ሰውም ሥጋን እንዲቀንስ ይመከራል። በሥጋና በተለይም እንደ ጉበትና ኩላሊት ባሉ የሆድ ዕቃዎች ውስጥ የሚገኘው ፒዩሪን በሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ ይለወጣል። አሲዱ ሲበዛ በመገጣጠሚያ ላይ ጠጥሮ ብርቱ ሕመም ያመጣል።

ጥሬ ሥጋና የኮሶ ትል

በኢትዮጵያ ጥሬ ሥጋ በቁርጥ፣ በጎረድ ጎረድና በጥሬ ክትፎ መልክ ይበላል። ከዚህ ጋር በይበልጥ የሚታወቀው በሽታ በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ የሚባለው የከብት ኮሶ ትል ነው።

የትሉ ኑሮ በሰውና በከብት መካከል የሚመላለስ ነው። ሙሉ ትል የሚሆነው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። እንቁላሎቹ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥተው ሣር ወይም ውሃ ይበክላሉ። ከብቱ ያንን ሲግጥ ወይም ሲጠጣ እንቁላሉ ተፈልፍሎ በደም በኩል ወደ ጡንቻ ይሄድና ትንሽ የውሃ ከረጢት የመሰለ እጭ ይሆናል። ሰው እጩ ያለበትን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ እጩ አንጀት ላይ ይጣበቅና ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል።

ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ ወይም መክሳት ይታይበታል። በብዛት የሚታወቀው የትሉ ነጫጭ ቁራጮች ከዓይነ ምድር ጋር ወይም በራሳቸው ሲወጡ ነው። የከብት ኮሶ ትል ከአሳማ ሥጋ ከሚመጣው ዘመዱ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ። የአሳማው ትል እጭ በሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ሲችል፣ የከብቱ ግን ይህን አያደርግም።

ትሉ ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው። የኮሶ ዛፍ አበባ ተፈጭቶና ተበጥብጦ ትሉን ለማስወጣት ሲጠጣ ኖሯል፤ የመተሬ ፍሬና እንቆቆም ለዚሁ ያገለግላሉ። «እንደ ኮሶ መረረ» የሚለው አነጋገር የመጣውም ከዚህ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላልም ስለ ኮሶ ዛፍም ጽፏል። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ሰውን ሊመርዝና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ በሽታው በሐኪም ትእዛዝ በሚወሰዱ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በተባሉ መድኃኒቶች በቀላሉ ይድናል።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ ወይም ከሥጋው ጋር የሚጠጣ አረቄ እጩን እንደሚገድል ማመን የተለመደ ነው። ነገር ግን እጩ ያለው በጡንቻው ውስጥ በከረጢት ተሸፍኖ በመሆኑ እነዚህ አያገኙትም። እጩን የሚገድለው ሥጋውን ውስጡ ድረስ ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ10 ቀናት ማቀዝቀዝ ነው።

በቄራ የሚደረገው ምርመራ የከብቱን ልብ፣ ምላስና የመንጋጋ ጡንቻ ቆርጦ በዓይን በማየት ነው። ብዙ እጭ ያለበት ሥጋ በዚህ ይያዛል፤ ጥቂት ብቻ ያለበት ግን ሊያመልጥ ይችላል። ለበዓል በቅርጫ የሚታረድ በሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ በግቢ ውስጥ ስለሚታረድ ይህ ምርመራ እንኳ አይደረግለትም።

ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች

አባ ሰንጋ፦ በዚህ በሽታ የሞተን ወይም ሊሞት ሲል የታረደን ከብት መግፈፍና መብላት ሰውን ይገድላል። ባክቴሪያው የሚያበጀው ዘር መሰል ቅርጽ ሙቀትን በጣም ስለሚቋቋም ማብሰል አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። እንዲህ ያለ ከብት መነካትም መታረድም የለበትም።

ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ፦ እነዚህ ባክቴሪያዎች በእርድ ጊዜ ከአንጀት ወደ ሥጋው ገጽ ይተላለፋሉ። ባልተከተፈ ሥጋ ላይ በገጹ ብቻ ስለሚቀሩ መጥበስ ይገድላቸዋል። ሥጋው ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን የውጪው ወደ ውስጥ ይገባል። ክትፎ ለብ ለብ የተደረገ ቢሆንም ከውስጥ ጥሬ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በደንብ ባልበሰለ በርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል።

ሊስቴሪያ፦ ይህ ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይቀር ይራባል። ለነፍሰ ጡሮችና ለጨቅላ ሕፃናት በተለይ አደገኛ ነው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ፖሎኒ በተባለ ለመብላት ዝግጁ የሆነ ቋሊማ የተነሳ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞተዋል።

ቶክሶፕላዝማ፦ በጥሬ ሥጋ ሊተላለፍ የሚችል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል።

የዕብድ ላም በሽታ፦ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1986 በከብቶች ላይ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በ1996 በሰው ላይ ከሚታይ ገዳይ የአንጎል በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ተገለጸ። መንስኤው ፕሪዮን የተባለ የተዛባ ፕሮቲን በመሆኑ ተራ ማብሰል አያጠፋውም። የተገታው የእንስሳት ተረፈ ምርት ለከብቶች መኖ እንዳይሆን በመከልከሉና የከብቱ አንጎልና አከርካሪ ከምግብ እንዲወጣ በመደረጉ ነው።

የሳይንቲስቶች ክርክር

ስለ ካንሰርና ስለ ልብ በሽታ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ በመከታተል የተሠሩ ናቸው። ሥጋ የሚያበዛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጨስ፣ የሚጠጣ ወይም አትክልት የማይበላ ሊሆን ስለሚችል የሥጋውን ድርሻ ብቻ ነጥሎ ማውጣት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ማስረጃው ደካማ በመሆኑ አዋቂዎች የሥጋ አመጋገባቸውን መለወጥ አያስፈልጋቸውም ሲል ምክር ሰጠ። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። መከራከሪያቸውም ሰዎችን ለ20 ዓመት ሥጋ እያበሉ ወይም እየከለከሉ መሞከር ስለማይቻል በአመጋገብ ጉዳይ ላይ እንደ መድኃኒት ሙከራ ያለ ማስረጃ መጠበቅ አይገባም የሚል ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት በአመዛኙ ማስረጃው ምን ያህል ይታመናል በሚለው ላይ ነበር፤ የተገኙት የጭማሪ ቁጥሮች ብዙም የተራራቁ አልነበሩም።

በኢትዮጵያና በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ

በኢትዮጵያ አማካይ የሥጋ ፍጆታ ከዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም አጽዋማቱን ሁሉ ሲጠብቁ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ ይርቃሉ። በመሆኑም ለአብዛኛው ሕዝብ፣ በተለይም በገጠር፣ ይበልጥ የሚያሳስበው ሥጋን ማብዛት ሳይሆን ያልተመረመረና ጥሬ ሥጋ መብላት ነው።

በከተማ አቅም ላለው ሰውና እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን ሁኔታው ይለያል። እዚያ የከብት ኮሶ ትል ብርቅ ነው፤ በአንጻሩ ቋሊማ፣ ሃምና ሳላሚ ርካሽና በየመደብሩ የሚገኙ፣ ለልጆች የምሳ ዕቃም የተመቹ ናቸው። ከአንዱ አኗኗር ወደ ሌላው ሲኬድ አንዱ ስጋት ቀርቶ በሌላው ይተካል።

ጉዳቱን መቀነሻ መንገዶች

የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚመገብ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ፣ የተቀነባበረ ሥጋን ደግሞ በጣም በጥቂቱ እንዲበላ ወይም ጨርሶ እንዲተው ይመክራል። ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

- ያልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ ውስጡ እስከ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የተፈጨ ሥጋ እስከ 71 ዲግሪ፣ ዶሮ እስከ 74 ዲግሪ እስኪሞቅ ማብሰል።
- ሥጋን እስኪጠቁር አለማሳረር፤ የጠቆረውን ክፍል ቆርጦ መጣል።
- የሥጋ ሐኪም ማኅተም ያለበትን ሥጋ መግዛት፤ ለቅርጫም በተቻለ መጠን የእንስሳት ሐኪም መጥራት።
- ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበትን ቢላና መክተፊያ ሳያጥቡ ለሰላጣ ወይም ለዳቦ አለመጠቀም።
- በመጸዳጃ ቤት መጠቀም። ከብት በእንቁላሉ ካልተበከለ የኮሶ ትል ዑደት ይቋረጣል።
- ከሥጋ ጋር ጎመን፣ ሰላጣና ጥራጥሬ መብላት። በእነዚህ ውስጥ ያለው አሰር የትልቁን አንጀት ካንሰር ዕድል ይቀንሳል።
- ሥጋን የሚተው ሰው ፕሮቲንን ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላና ከአተር ማግኘት ይችላል። እንቁላልና ወተትም የሚተው ከሆነ ግን ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ መተካት አለበት።

ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን እንዲሁም በኤችአይቪ፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች ጥሬ ሥጋን ፈጽሞ እንዳይበሉ ይመከራል። የትል ቁራጭ ያየ፣ ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር ያጋጠመው ወይም የአንጀቱ ልማድ ለሳምንታት የተለወጠበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል።